ከጎኔ የሄድክበት የገና ማታ

ይድረስ ለጌትዬ፣ ቤቱን ጥሎ ከሄደ ወዲህ አንድ ገናና አንድ ጥምቀት ላለፈው ለባሌ።

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጤና ነው። እኔ ግን አልጠይቅህም። በሕይወት እያለህ ስንቴ ጠይቄህ እውነቱን አልነገርከኝም፣ አሁንማ ከወዴት ታመጣዋለህ። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀርቷል። ሙት ዓመትህን ጾሙ ሳይገባ ለማውጣት ተስማምተናል፣ ለጠላው ጌሾው ተወቅጧል። የዚያን ዕለት ሰው ሁሉ ደግነትህን እያነሳ ያለቅሳል፣ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን የምልህ አለኝ። ተናድጄብሃለሁ፣ ጌትዬ።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራህ። የሩዝ መፈልፈያውን ወንድምህ ተገኘ ይዞታል። ዘንድሮ የሩዙ ሜዳ ጥሩ ሰጠ፤ ከገጠር በጋሪ የሚመጣው ጆንያ የወፍጮ ቤቱን ደጃፍ ሞልቶት ሰነበተ። ብናኙ እንደ ድሮው እስከ ግቢያችን ይመጣል። ያን ብናኝ ከጋቢህ ላይ ሳራግፍ ስንቱን ቀን ተማርሬብሃለሁ፣ ዘንድሮ የማራግፈው ጋቢ አጣሁ። ልጅህ ሕይወት ከምታስተምርበት ከሐሙሲት ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። የጓሮው በር ዛሬም አልገጥም እንዳለ ነው፤ ነገ እሠራዋለሁ እንዳልክ ቀረህ። እኔም ጥቁሬን ገና አላወለቅሁም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ከገና እስከ ጥምቀት የወረታ አስፋልት እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። ስንጋባ በሩ ላይ ቀይና አረንጓዴ አምፖል የሚሰቅል አንድ ቡና ቤት ብቻ ነበር፣ እሱን ለማየት ነበር የምንወጣው። ዛሬ ሆቴሉም፣ ፀጉር ቤቱም፣ መድኃኒት ቤቱም ይሽቀዳደማል። ባጃጁ ሳይቀር ውስጡን በብልጭልጭ ያስጌጣል። ጨርቅ ነጋዴው እንድሪስ እንኳ በዓሉ የእሱ ሳይሆን ደጃፉ ላይ ያለችውን ቀሚስ ለባሽ አሻንጉሊት በመብራት ይጠመጥማታል። ለምን ሲባል የደንበኞቼ በዓል ነው ይላል። እኔ ይህን መብራት እወዳለሁ። ምን አለው ብትለኝ አላውቅም፣ ብቻ ያለ እሱ ገና የመጣ አይመስለኝም።

በየዓመቱ ይዘኸኝ ትወጣ ነበር። ይዘኸኝ ስል ግን ለአፍ ነው እንጂ አንተ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ ነበርን። የአገራችን ባል ወጉ ነው፣ ሚስቱን አስከትሎ እሳት እንደሚያጠፋ ሰው ይጣደፋል። እኔ አንዱ መብራት ሥር ቀና ብዬ ስፈዝ አንተ ከሌላው ደርሰህ፣ «ነይ እንጂ ስንዱ፣ መብራት አይተሽ አታውቂም?» ትለኛለህ። እየሮጥኩ እደርስብሃለሁ። ደግሞ ትቀድመኛለህ። ይኼው ነበር የእኛ ሽርሽር።

አምና ግን ከጎኔ ሄድክ።

ገና መናኸሪያውን ሳናልፍ እጅህን በክንዴ አስገባህ። በአደባባይ! የማያውቀን ሰው በሌለበት ከተማ! አፈርኩና ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ፣ ክንዴን ግን አልነጠቅሁህም። ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ የተሰቀለችውን ኮከብ ቆመህ አየሃት። ጥቂት ሄደን መድኃኒት ቤቱ ጋ ደግሞ ቆምክ። ከሆቴሉ ፊት ለፊትማ እግርህ አልነሳ አለ፤ ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ ሰማያዊ መብራት ቁልቁል ይፈስ ነበር። «ይኼን ሰማያዊውን እይው እስኪ፣ አወራረዱን» አልከኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ዕድሜ ልክህን መብራት ምን ይታያል የምትል ሰውዬ፣ ያን ማታ አንዱንም ሳታይ አላለፍክም። እንድሪስ ደጅ ስንደርስ እሱ ወንበር ይዞ ወጣ፣ ተቀመጥክ። ለእኔም አመጣልኝ። ያኔ መብራት ጠፋ። መንገዱ በአንዴ ድርግም ሲል አንተ ሳቅህ መጣ። በጨለማው ውስጥ ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰማሁና ምን ሆነህ ነው ብልህ፣ «ጉንፋን ነው» አልከኝ። የሆቴሉ ጄኔሬተር ተነስቶ ሰማያዊው እንደገና ሲፈስ ባጃጅ ጠራህ፣ ተሳፍረን ገባን።

በማግስቱ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ማን አሰማ፣ እኔው ነኛ! ጌታነህ ክንዴን ይዞኝ ዞረ፣ በየመብራቱ እያቆመ አሳየኝ እያልኩ። ስንዱ በስተርጅና ሙሽራ ሆነች ብለው ሳቁብኝ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ከዚያ በጾሙ መግቢያ ሞትክ። ለቀስተኛው ሲበተን፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ እኔን ያኖረችኝ ያቺ ማታ ናት። ሰው ስንቅ እንደሚቆጥብ እየቆጠብኩ ነበር የማስባት፤ እንዳታልቅብኝ።

ዘንድሮ ሕይወት ለበዓሉ መጣች። «እማ፣ ትንሽ ነፋስ ይንካሽ፣ መብራቱን አይተን እንመለስ» አለች። ጥቁር ለብሶ መብራት ማየት ምን ይባላል ብዬ አንገራገርኩ፣ መጨረሻ ላይ ግን ወጣሁ። ያው ከተማ፣ ያው ሰማያዊ። እንድሪስ ገና ከሩቅ ሲያየን ወንበር ይዞ ወጣ።

«እህቴ፣ ነይ አረፍ በይ። ወንበሯም ያችው የሱ ናት» አለኝ። «አላህ ይዘንለት፣ አምና በዋዜማው ብቻውን መጥቶ፣ ነገ ይዣት ስመጣ ካንተ ደጅ ስደርስ አቅሜ ያልቃል፣ ወንበር አውጣልኝ፣ እሷ ግን እንዳታውቅብኝ ብሎ አስማለኝ። ልቡ ደክሞ የለ! ከመብራት መብራት እያረፈ ነበር እኮ የመጣው።»

እስካሁን የተነገረኝ መስሎት ነው፣ እሱን አልቀየመውም። ወደ ሕይወት ዞርኩ። አንገቷን ደፋች። ያኔ ገባኝ።

የቀረውን ከተገኘ አወጣሁት። ለወፍጮው ሞተር ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋ ልንገዛ ነው ብላችሁ ባሕር ዳር የሄዳችሁት ለልብህ ምርመራ ነበር። ቺንጋውን ይዘህ ስትመለስ እንኳን ደህና መጣህ ብዬ እግርህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያ ቺንጋ እስከ ሰሞኑ ድረስ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ከሞተሩ ጋር አይገጥምም፣ ለወሬው ማሟያ ከፊት ያገኛችሁትን ነው የገዛችሁት። ተገኘ ያውቃል። ልጄ ታውቃለች። እንድሪስ ያውቃል። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ ያውቁ ኖሯል፤ ጠበል ሊያደርሱ ቤት ሲመጡ ጉልበታቸውን ስሜ ሳስገባቸው በዓይናቸው ሽሽት የሚሉኝ ለካ ለዚህ ነበር። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ከአንድ ትራስ ላይ ለምትተኛው ሚስትህ ምሥጢር ሆነ።

ወጉን አላጣሁትም። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ መጨረሻ የሚሰማው ባለቤቱ ነው። መርዶ እንኳ ዘመድ ተጠርቶ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው ቆሞ ነው የሚነገረው። ግን መርዶ የሚደበቀው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፣ ጌትዬ። አንተ በቁምህ፣ ክንዴን ይዘህ እየሄድክ ደበቅከኝ። ክንዴን ያዘኝ ብዬ ለሰፈር ያወራሁት ለካ ምርኩዝ ሆኜህ ነው። መብራት አሳየኝ ያልኩት ለካ አረፍ እያልክ ነው። ጉንፋን ነው ስትለኝ እኔ ሞኟ በማግስቱ ዝንጅብል አፈላሁልህ፤ ዝም ብለህ ጠጣኸው። ብትነግረኝ እኮ ያንኑ ክንድ እሰጥህ ነበር። አጥብቄ እይዝህ ነበር። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አብሬህ እቀመጥ ነበር፣ መብራቱ ገደል ይግባ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሕይወት እያለቀሰች፣ «እማ፣ ሐኪሙ መራመድ ከልክሎት ነበር። ቅር ብለው፣ እናትሽ ያለ መብራቱ ገና የመጣ አይመስላትም፣ እስከ ዛሬ ኋላዬ ስትሮጥ ኖራለች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከጎኗ ልሂድ አለኝ» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን ባሰብኝ። ሰንብቼም ነው ያናገርኳት። እንግዲህ ይኼን ምን ላድርገው? ዋሸኝ እንዳልልህ ለእኔ ብለህ ወጥተሃል። ለእኔ ብሎ ነው እንዳልል የመጨረሻ የገና ማታችን መሆኑን አንተ ብቻ አውቀህ፣ እኔን እንደ ልጅ መብራት አሳይተህ አስገባኸኝ። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚሉት ይህ ነው። ያቺን ማታ ልጥላት አልኩ፤ ሌላ የለኝም።

ተገኘን ያን ቺንጋ ከፊቴ አንሳልኝ አልኩት። ዕለቱን አወረደው።

ሙት ዓመትህ በወጉ ይወጣል፣ አታስብ። ስምህ በቤተ ክርስቲያን ይጠራል፣ ድሃው ይበላል፣ ካህናቱም ቀምሰው ይመርቃሉ። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አልልህም፤ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ እውነት እንናገር። ምናልባት አንድ ቀን እልህ ይሆናል። ዛሬ አይደለም።

ልረሳህ ግን አልችልም፣ አልፈልግምም። እግዜር ካለ ለከርሞ ገና ጥቁሬን አውልቄ፣ ማንንም ሳላስከትል እወጣለሁ። አንተ በቆምክበት ሁሉ እቆማለሁ፤ ፀጉር ቤቱ ጋ፣ መድኃኒት ቤቱ ጋ፣ ሆቴሉ ፊት ለፊት። እንድሪስ ወንበሯን ካወጣልኝም እቀመጥባታለሁ። አምና ሰማያዊውን እይው ስትለኝ እኔ ቀና ብዬ እሱን አየሁ፤ ያኔ ያንተ ፊት ምን ይመስል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ለከርሞ ግን መብራቱ እንዳሻው ይፍሰስ፣ ቀና አልልም። ወደ ጎኔ ነው የምዞረው፣ አንተ ወደነበርክበት።

ያንተው ስንዱ፣ ከወረታ