የመነኮሳቱ በሬና የአባቴ ጥማድ

ውድ ልጄ ሳምራ፣

"እትዬና ጋሼ ደመቀ እንዴት ሆኑ?" ብለሽ ለልጄ ለማሂ የጻፍሽውን አነበበችልኝ። ሽሮሽ ማለቁንም፣ ዝናቡ እዚያ አገር ቀጠሮ እንደማያከብርም ሰማሁ። ሽሮውን የሚያደርስልሽ ሰው ተገኝቷል፤ ስለ ወንድሜ የጠየቅሽው ግን በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ሞክሬው ነበር፣ ኔትወርኩ ጥሩ ጥሩው ቦታ ላይ እየቆረጠ አናደደኝ። ስለዚህ ይኸው ብዕር አነሳሁ። ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈች ሴት ጽሑፍ መሆኑን ታውቂያለሽ፣ እየታገሥሽ አንብቢው። ማሂ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

አሰላ ተመድበሽ መጥተሽ እኛ ግቢ ቤት የተከራየሽ ሰሞን ትዝ ይልሻል? ልብስሽን ከሻንጣ ሳታወጪ ወረቀት አወጣሽ። አልጋሽ ላይ ካርታ፣ ወንበሩ ላይ ካርታ፣ ግድግዳው ላይ ካርታ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የመሬት ደላላ መስለሽኝ ነበር። ለማሂም "ይቺ ልጅ መምህርነቱን ለሽፋን ነው የያዘችው" ብያታለሁ። በኋላ ነው ካርታው የስኮትላንድ መሆኑ የገባኝ። የዚያ አገር ነገሥታት ለአንድ ገዳም መሬት ሰጥተው፣ መነኮሳቱ ደግሞ ለገበሬ እያካፈሉ፣ ከዚያ ምርቱን ሲቀበሉ የኖሩበትን ታሪክ ነው የምታጠኚው። እኔማ ሳቄ መጣ። ከደሴ ተነስቶ፣ አሰላ ተቀምጦ፣ የሞቱ የፈረንጅ መነኮሳትን እርሻ መለካት!

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ድንች እየላጥን "እትዬ፣ ጥማድ ስንት ነው?" አልሽኝ። ሩብ ሄክታር ነዋ አልኩሽ። "ሄክታር የሚባል ሳይመጣስ በፊት?" አልሽኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አባባ ሲል እሰማ የነበረውን ነገርኩሽ፦ አንድ ጥንድ በሬ ጠዋት ተጠምዶ እስኪፈታ ድረስ የሚያርሰው ነው። ቢላዋውን ጥለሽ ወደ ክፍልሽ ሮጥሽ፤ የተቃጠለ ነገር ያለ መስሎኝ ደንግጬ ተነሳሁ። ወረቀት ይዘሽ ተመለስሽና የገዳሙ ገበሬዎችም መሬታቸውን በበሬ ይቆጥሩ እንደነበር አወጋሽኝ። በሬ ሲጠምዱ ስምንት ነው፣ ማረሻቸው ከባድ ስለሆነ። የአንድ በሬ ድርሻ፣ የሁለት በሬ ድርሻ እየተባለ ነው ሰው መሬት የሚይዘው። ዓይንሽ እንዴት እንደበራ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። የኔን የድንች ወሬ እንደ ቁም ነገር የሰማ የተማረ ሰው አንቺ ነሽ፣ ሌላ አላውቅም።

ያኔ የኔና የጋሼ ጸብ ገና አልተነሳም ነበር።

ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ ግን ማሂም ስታነበው እንዲገባት ከሥሩ ልጻፈው። የአባባ የገብረ መድህን መሬት ሳጉሬ አጠገብ ነው። ጋሼ ደመቀ የበኩር ልጁ ነው፣ እኔ ተከታዩ። ሌላ የለንም። አባባ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ሁለታችንን ጠርቶ "ለያንዳንዳችሁ አራት አራት ጥማድ" ብሎ አካፈለን። ለጋሼ ታች ያለውን ጥቁር መረሬ አፈር፣ ለኔ ደግሞ ከፍ ብሎ ያለውን ቀይ አፈር። ሴት ልጅ ባሏ ያለበት ትብላ በሚባልበት ዘመን ያደገ ሰው ነው፤ ከወንድ ልጁ እኩል ሰጠኝ። ወሰኑ ላይ ድንጋይ አቆመ። ጋሼ ያን ጊዜ አይሱዙ ይነዳ ነበር፣ ከአርቦዬ እህል፣ ከአቦምሳ እህል፣ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። መሬቱን ወርሶ እርሻ ሲገባም በትራክተር ኪራይ ነው የገባው፤ እኔም እንዲሁ። ካደግን ወዲህ ማረሻ የነካ ከመካከላችን የለም።

አዲሱ የይዞታ ደብተር ሊሰጥ ለኪዎቹ መጡ። ልጆቹ ትሁቶች ናቸው፣ ጥፋት የለባቸውም፤ መሣሪያው ያየውን ነው የጻፉት። የኔ ከአንድ ሄክታር በደንብ አልፎ፣ የጋሼ አንድ ሄክታር ሳይሞላ ተገኘ። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ብሎ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ጋሼ ካርታውን አየና እዚያው ሰው መሀል "ድንጋዩን ማን አንቀሳቀሰው?" አለኝ። አባባ ታሞ እኔ ሳስታምመው የነበረበትን ጊዜ ቆጠረብኝ። ድንበር ገፊ አለኝ። አገራችን ላይ ለገበሬ ልጅ ከዚህ የከፋ ስድብ እንደሌለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ወዲያው ተቃውሞ አስገባ፤ ደብተሩ የሁለታችንም ታገደ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ በሌላው በር ይወጣ ጀመር። ወንድም ብዬ የምጠራው እሱን ብቻ ነው፣ ሳምራ።

ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ አንቺ ከኔ ጋር መጣሽ። ምን አስባ ነው የምትሄደው ይቺ ልጅ ብዬ ነበር፤ ነገሩ የቤተ ዘመድ ነው፣ አንቺ ተከራይ ነሽ። ፈቃድ ጠይቀሽ ተነሳሽ። የገዳሙን ነገር አነሳሽላቸው። የአንድ በሬ ድርሻ ተብሎ የተሰጠው መሬት በአንዱ መንደር ሰፊ፣ በሌላው መንደር ጠባብ ሆኖ ይገኛል፤ አፈሩ ከባድ ከሆነ በሬው ትንሽ ያርሳል፣ ቀላል ከሆነ ብዙ፤ ስለዚህ ድርሻው እኩል ሆኖ ስፋቱ ሊለያይ ይችላል አልሽ። "ጋሼ ደመቀ፣ አባትዎ በሄክታር አላካፈሉም፤ በጥማድ ነው ያካፈሉት" አልሽው።

ጋሼ ምን እንዳለሽ መቼም አትረሺውም። "ልጄ፣ የፈረንጅ መነኩሴ መጥቶ የኔን መሬት መቼ አረሰው? ስምንት በሬ የሚጠምድ መነኩሴ ደግሞ እሱ መነኩሴ ሳይሆን ባላባት ነው።" ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ፤ ዓይንሽ ግን አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ለወጡ፣ ቀጠሮው ሌላ ቀጠሮ ወለደ፣ አንቺም በዚያው ለትምህርትሽ ወደ ስኮትላንድ ሄድሽ። ስትሄጂ እቅፍ አድርገሽኝ "አላሳመንኳቸውም፣ እትዬ" ነበር ያልሽኝ።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ።

ዘንድሮ ልክ እርሻ ሲጀመር ናፍጣ ጠፋ። ትራክተሮቹ ሳጉሬ መንገድ ዳር ተደርድረው ቆሙ። ሁሉም ገበሬ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ዝናቡ መጥቷል፣ መሬቱ አልተገመሰም። ጋሼ ቢጨንቀው በሬ ፍለጋ ፋጡ ዘንድ ሄደ። ፋጡን ታውቂያታለሽ፣ ከጋሼ መሬት አጠገብ ያለችውን፣ እርጎ ይዛ እየመጣች ታስቅሽ የነበረችውን። እነሱ በሬያቸውን አልሸጡም። እንደነገረችኝ ከሆነ "ኦቦ ደመቀ፣ ትራክተሩ ታሞ ነው ወይስ አንተ ተጸጽተህ?" ብላ ደህና አድርጋ ካሾፈችበት በኋላ ሁለቱን በሬ ከነሞፈር ቀንበሩ ሰጠችው። እርፍ አጨባበጡን ባሏ አስታወሰው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ መሪ ሲጨብጥ የኖረ እጅ፣ እንደገና እርሻ ገባ።

እኔ ይሄን ሁሉ አልሰማሁም። አሰላ ቁጭ ብዬ ናፍጣ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። አንድ ጠዋት ፋጡ ደወለች፣ ደስ ብሏት። "አባይነሽ፣ እንኳን ታረቃችሁ! ወንድምሽ እኮ ማሳሽን እያረሰልሽ ነው" አለችኝ።

እኛ መች ታረቅን? በክስ ላይ ያለ መሬት ሰው ገብቶ ካረሰ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፤ የኔ ነው ማለት ነው። ለከርሞ የሚያጭደው ዘንድሮ ያረሰው ነው። ነጠላዬን አነሳሁ፣ መናኸሪያ ሄድኩ፣ የሳጉሬ ሚኒባስ እስኪሞላ ደሜ ሲፈላ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምለውን አዘጋጀሁ። የአባባን ስም ጠርቼ ልለምነው፣ ካልሆነ በሕግ ልል፣ ካልሆነ እዚያው ትልሙ ላይ ልተኛበት። ረዳቱ "እናት፣ ሂሳብ" ሲለኝ እሱንም ተቆጣሁት፣ ምስኪን።

ስደርስ ማሳዬ ከዳር እስከ ዳር ታርሷል። ቀዩ አፈር ተገልብጦ ይተናል። በሬዎቹ ተፈትተው ዳር ላይ ይግጣሉ። ጋሼ ሞፈሩ ላይ ተቀምጧል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

"ጋሼ፣ ማን ፈቀደልህ?" አልኩት።

አልተነሳም። ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። መዳፉ ውኃ ቋጥሮ ፈንድቷል።

"ታች አራት ቀን ፈጀብኝ" አለ። "ከጠዋት እስከ በሬ መፍቻ፣ አራት ቀን። መረሬው ማረሻውን ይዞ አልለቅም ይላል፤ በሬዎቹ እየቆሙ ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ። ከዚያ ልመልሳቸው በዚህ ሳልፍ፣ ያቺ ልጅ ያለችው ትዝ አለኝ። እስቲ ብዬ ጠመድኩ።"

"እና?"

"እዚህ ይሮጣሉ። ግን መሬቱ ሰፊ ነው።" አፈሩን በጫማው ነካ አደረገ። "ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ያቺን የመጨረሻዋን ትልም አውጥቼ መፍታቴ ነው።"

ዝናብ የሚመስል ነገር ከጭላሎ ተራራ በኩል ይመጣ ነበር። አባባ ሊያካፍለን ባለ ሰሞን በሬ ጠምዶ ከታች ወደ ላይ ሲመላለስ መክረሙ ያኔ ነው የታየኝ። እኛ ለዘር የሚያዘጋጅ ነበር የመሰለን። ያ ሽማግሌ፣ ጉልበቱን እያመመው፣ ሁለቱንም ማሳ በራሱ በሬ እየለካ ነበር።

"አባባ እኩል ነው ያካፈለን" አለ ጋሼ። "እኔ ነኝ ሳላርስ የለካሁት። አባይ፣ ያን ቀን ሰው መሀል ያልኩሽን…"

አልጨረሰውም፣ እኔም እንዲጨርሰው አልፈለግኩም። አጠገቡ ሞፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ መሀል ፋጡ በሬዎቿን ልትወስድ መጣች፤ ሁለታችንንም አየት አየት አድርጋ ነገሩ ገባት። "እናንተ መሬት ስትለኩ የኔ በሬዎች ከሱ" አለችን። ጋሼ የአያቶቻችንን ዘመን አንስቶ፣ ያኔ ከሸዋ የመጡት ሰዎች መሬቱን በገመድ ጋሻ ጋሻ እያሉ ሲለኩ ማን በሬ ጠየቀ አላት፣ ሊቀልድ ብሎ። ፋጡም "ገመዱማ የኔን አያት እንኳ ሳይጠይቅ ነው በደጃፉ ያለፈው" አለች። ሳቀች፤ እኛ ግን ቶሎ መሳቅ አቃተን። አንቺ ብትኖሪ ይሄንንም ትጽፊው ነበር። በማግስቱ ጋሼ ለበሬዎቹ አንድ ጆንያ ፉርሽካ ወሰደላት።

ሰኞ ዕለት ሁለታችን አንድ ላይ ሄድንና ጋሼ ተቃውሞውን አነሳ። የመሬት አስተዳደሩ ልጅ ግራ ገብቶት "ታዲያ ስህተቱ የመሣሪያው ነው?" አለው። ጋሼ ምን ቢለው ጥሩ ነው፦ "አይ፣ መሣሪያውም ልክ ነው፣ አባቴም ልክ ነው።" ልጁ ምን ብሎ እንደሚጽፈው ጠፋው። ጋሼ በወሰንተኛነት ለኔ ፈረመ፣ እኔም ለእሱ ፈረምኩ።

እንግዲህ አላሳመንኳቸውም ብለሽ ነው የሄድሽው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጥማድ ስል ኖሬ ምን እያልኩ እንደሆነ አስቤው አላውቅም፤ አንቺ ነሽ ቁጭ ብለሽ የጠየቅሽኝ። የተሳቀብሽ ቀን እንኳ ቃልሽን አላጠፍሽም። ጋሼ ያንቺን ቃል ክረምትና በጋ ይዞት ከርሞ ማረሻ ሲጨብጥ ነው የወጣለት። እኮራብሻለሁ። ደሴ ያለችው እናትሽ ይሄን ብትሰማ ብዬ አስባለሁ፤ ከፈቀድሽልኝ እኔ ደውዬ እነግራታለሁ።

አንድ መልእክት አለብኝ። ጋሼ ስሙን ሳልጠራ እንድጠይቅሽ ነበር የፈለገው፣ እኔ ግን ይኸው ጠራሁት። እነዚያ የገዳሙ ገበሬዎች፣ ስምንት በሬ የሚጠምዱት፣ ከመካከላቸው በመሬት የተጣሉ ወንድምና እህት ነበሩ ወይ ይላል። ከነበሩስ ቀድሞ ወደ ሌላው ማሳ የሄደው ማን ነበር? ከወረቀቶቹ ውስጥ ካገኘሽ ጻፊለት፤ ካላገኘሽም የለም ብለሽ ጻፊለት፣ እሱ እርግጡን ነው የሚፈልገው። አድራሻው ሳጉሬ አይደለም፣ ወደ ማሂ ስልክ ላኪው። ብቻ እሁድ እንዲደርስ አድርጊ፤ እሁድ እሁድ ምሳውን እኔ ጋ ነው የሚበላው።

የምትወድሽ እትዬሽ፣
አባይነሽ ገብረ መድህን
አሰላ