የኮከቤ አሥራ አራት ገጽ

ሰኞ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ጠዋት ማርያም ደርሼ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወንበሬን ዘረጋሁ። ሁለት ሰው ብቻ። አንዱ ውክልና፣ አንዱ የግድግዳ ጠብ። ብርዱ ሰዉን ቤቱ ያስቀመጠው ይመስለኛል።

ከሰዓት ቤት ገብቼ የኮከቤን ይግባኝ ጨረስኩ። አሥራ አራት ገጽ፣ ዘጠኝ ቀን። ኮከቤ የሟች እህቷን ልጅ ከአራስነቱ ጀምራ ያሳደገች ሴት ናት። የአብስራ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። አባትየው ይሄን ሁሉ ዘመን የት እንደነበር ሳይታወቅ ብቅ ብሎ ልጄን አለ፤ ተፈረደለት። ይግባኝ ማስገቢያው አርብ ያበቃል። አርብ ካለፈ ልጁ ሄደ ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ለባለጉዳይ ራፖር ስጽፍ እንደዚህኛው አምኜበት የጻፍኩት የለም። ነገ አንዴ አንብቤ አትማለሁ።

ኮምፒውተሩ ደግሞ አፕዴት ላድርግ እያለ ይነዘንዘኛል። ከመስከረም ወዲህ ሥራው ይሄ ነው... ይጀምራል፣ አልተሳካም ይላል፣ ይተዋል። ዛሬ እሺ አልኩት። ያድርገውና ይገላግለኝ።

ማክሰኞ ኅዳር 16

ኮምፒውተሩ አልከፈትም አለ። አልተሳካም፣ ወደነበረበት እየመለስኩ ነው ይላል። ይጠፋል። ይበራል። ያንኑ ይላል። እስከ አምስት ሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ።

ጽሑፉ ሌላ ቦታ የለም። እዛው ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ሰውን ሁሉ ወረቀትህን ኮፒ አድርገህ ያዝ እያልኩ የምመክር ሴትዮ...

ሲፒዩውን በነጠላ ጠቅልዬ ሜክሲኮ ወሰድኩት። አሌክስ የሚሉት የኮምፒውተር ሠራተኛ ማስቲካውን እያላመጠ ሁለት ደቂቃ አየው።

«ማዘር፣ ይሄ አብቅቶለታል። ፎርማት ነው የሚያድነው።»

«ውስጡ ያለው ጽሑፍስ?»

«እሱንማ ቻው በይው።»

ተሸክሜው ተመለስኩ። የግቢው በር ላይ ኡሙልኸይር የሕፃን ልብስ ስታሰጣ አገኘችኝና ባንድ በኩል ያዘችልኝ። ከኔ ሁለት በር አልፎ ያለችው የነስረዲን ሚስት ናት። ምን ሆኖ ነው አለች። ለይሉኝታ ያህል ነገርኳት። «ፎርማት እንዳያስደርጉት እትዬ። ልየው?»

ኮምፒውተር መማሯን ዛሬ ገና ሰማሁ። እዚሁ ሜክሲኮ፣ ኮሌጅ። ሦስት ዓመት አንድ ግቢ ኖረን ከእንዴት አደሩ አልፈን አናውቅም። ልብስ ከማስጣት ሌላ የምታውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር። እኔ ደግሞ ሰው አውቃለሁ ባይ ነኝ።

ኮከቤ ደወለች። «ደረሰ እትዬ ሠርኬ?» እየደረሰ ነው አልኳት። ምን ልበላት?

ረቡዕ ኅዳር 17

ጠዋት ኡሙልኸይር ልጇን አዝላ መጣች። ቁልፉን ትቀጠቅጠዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም አልነካችም። ደብተር አወጣች። ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን እንዳለ ጻፈችው፣ ከነሰዓቱ። ሲጠፋ ጻፈች። ሲበራ ጻፈች። እኔ በቁሜ እየተቃጠልኩ ነው። ምነው አትጀምሪም አልኳት።

«ጀምሬያለሁ እኮ። ሁለት ነገር ባንዴ አልነካም እትዬ። ቢድን የትኛው እንዳዳነው አላውቅማ።»

ስንት ጠበቃ አይቻለሁ፣ እንዲህ አስቦ የሚሠራ ግን ጥቂት ነው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ባለ ሰማያዊ ገጽ ከፈተች። «ይሄ ኮምፒውተር በፈረንጆቹ ማርች 2018 ላይ ነው ያለው» አለች። «ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ።» ከዛ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አፕዴቱ የሚመጣው ማኅተም ተመትቶበት ነው። ኮምፒውተሩ የማኅተሙን ቀን ሲያይ ገና ያልደረሰ ቀን ነው። ሐሰተኛ ነው ብሎ ይመልሰዋል። እንዲህ ሲሉኝማ ይገባኛል። በከርሞ ቀን ማኅተም የተመታበት ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ማን ያስተናግደዋል?

«ቀኑን የቀየረው ሰው አለ?»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

እኔ እንጃ... ማን ሊሆን ነው? እኔው ነኝ። አምና አንድ ማመልከቻ ላይ የፈረንጅ ቀን ታትሞብኝ ሬጅስትራሩ ፊት አፍሬ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ቁጭ ብዬ ኮምፒውተሩን በኛ ቀን ሞላሁት። መስከረም አንድ፣ 2018፤ ለሱ ጃንዋሪ አንድ መሆኑ ነው። ወር በወር ትንሽ ሲስት አስተካክለዋለሁ። እኔ የምጽፈው ለፍርድ ቤት ነው፣ ለፈረንጅ አይደለም ብዬ። እንደውም ኮርቼበት ነበር።

«ማንም ካልነካው የውስጥ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው» አለች። «ሳልቀይረው ቀኑን ባስተካክል መሃል ላይ ይጠፋና ይብሳል። ባትሪ ፈልጌ ልምጣ።» ልጇን እንዳዘለች በዛ ፀሐይ ወጣች። ተይ የማለት ዕድል ነበረኝ። አላልኩም። ለምን? አፍሬ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የሰው ቃል ጽፌ እያደርኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሰች። ጫማዋ አቧራ በአቧራ፣ ልጁ እያለቀሰ። ሦስተኛው ሱቅ ነው የተገኘው አለች። ሳንቲም የምታህል ባትሪ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አላስቻለኝም።

«ልጄ፣ ቀኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

አየችኝ። እኔ ብሆን አፈር ድሜ ነበር የማስግጠው። እሷ ባትሪዋን አንስታ ቦርሳዋ ከተተችና «እንግዲያው ባትሪው ደህና ነው፣ ነገሩ ቀለለ» አለች። ደብተሯ ላይም ጻፈች። አጮልቄ አየሁ፤ «ቀኑ በእጅ ተቀይሯል» ነው የሚለው። በማን እጅ አይልም።

አሁን ልጀምረው ስትል መብራት ሄደ። ሰባት ሰዓት ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ መብራት እያለ አልቆ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት የበላሁት እኔ ነኝ። ከኮከቤ ላይ።

ሐሙስ ኅዳር 18

ጠዋትም መብራት የለም። ይግባኙን በእጄ ልጻፍ ብዬ ወረቀት ዘረጋሁ። የመጀመሪያው ገጽ መጣልኝ፣ ሁለተኛው አልመጣም። ኮከቤ ዘጠኝ ቀን እያለቀሰች የነገረችኝን በምን ልሰብስበው?

አምስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ኡሙልኸይር ሳልጠራት በሩ ላይ ናት። ቀኑን አስተካከለች። እሱን ብቻ። ከዛ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ልጇን ማጥባት ጀመረች። አፕዴቱ እንደገና ጀምሮ ሠላሳ በመቶ አለ። እዛው ላይ ቆሞ አንድ ሰዓት ገተረን። አንድ ነገር ንኪ እንጂ አልኳት። «አሁን የሚያስፈልገው መተው ነው» አለች። ከየት አመጣችው ይሄን ትዕግሥት? እኔ ግቢውን ስንቴ እንደዞርኩት አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተከፈተ። አሥራ አራቱም ገጽ አለ። ላነብ ስል እጄን ያዘችኝ፤ መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገለበጠችው። ከዛ የራሷ ፍላሽ ላይ ደገመችው። ከዛ «አሁን ያንብቡ» አለች።

አለቀስኩ። ማልቀሴን እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ አልናገረውም።

አርብ ኅዳር 19

አራት ሰዓት ላይ ይግባኙ ገባ። ማኅተም ተመታበት። ለኮከቤ ስለ ኮምፒውተሩ ምንም አልነገርኳትም። እጄን ሳመችኝ፣ ዝም ብዬ ተሳምኩ።

ሐሙስ ታኅሣሥ 16

ይግባኙ ያስቀርባል ተባለ፣ ሊታይ ነው። ውሳኔው ታገደ። ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ የአብስራ ከኮከቤ ጋር ይቆያል። ዛሬ ልጁን ይዛው ቤቴ ድረስ መጣች። ጫማው አዲስ ነው፣ ደጋግሞ ያየዋል። እሷ ደግሞ እንደገና እጄ ላይ ወደቀች። የኔን ልጅ ያተረፈው ይሄ እጅ ነው እያለች።

አሁንስ አልቻልኩም። ቁጭ በይ አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ቀኑን እኔ እንደቀየርኩ። ስጠየቅ እንደዋሸሁ። ይግባኙ ለጥቂት እንደተረፈ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለባለጉዳይ ተሳስቼ ነበር ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ፊቷ ተለዋወጠ። ትነሳና ትሄዳለች ብዬ ነበር።

«እና ጽሑፉን ማን አወጣው?»

«ኡሙልኸይር የምትባል ጎረቤቴ።»

«እሷ ምን አለችዎት?»

«ምንም። ነገሩ ቀለለ አለች።»

ኮከቤ ነጠላዋን አስተካከለች። ቤቷ የቱ ነው አለች። ሁለት በር ነው፣ ይዣቸው ሄድኩ። ኡሙልኸይር በእጇ ሊጥ እንዳለ ወጣች። ኮከቤ የምታወራው ጠፋባት፤ የአብስራን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ «ሳማት፣ እሷ ናት» ብቻ አለችው። ልጁ ጉንጯን ሳማት። ኡሙልኸይር ጎንበስ ብላ ሊጡ እንዳይነካው እጇን ወደ ላይ ይዛ አቀፈችው፣ በክንዷ ብቻ።

እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አየሁ። የምቀና መስሎኝ ነበር። አልቀናሁም።