ከመስኮቱ ሥር ስለተነሣው በርጩማ

ለተከበሩ ሲኞር ቱሊዮ ካቫዞኒ
የ«አያት አርጂያ ማዕድ» ትኩስ ፓስታ ምግብ ቤት ባለቤትና የመንገዳችን ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ቦሎኛ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና በየጠረጴዛዎ ላይ በብርጭቆ ውስጥ ለቆመችው ብቸኛ ቅጠል ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ከምግብ ቤትዎ በላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የምኖር፣ የከተማ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ኤርሜስ ቬንቱሪ የምባል ጎረቤትዎ ነኝ። ስሜን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ አልቀየምዎትም። በገዛ ቤቴም ስሜን የሚያስታውስ ሰው እየጠፋ ስለሆነ ለምጄዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በበረንዳችን ምሰሶዎች ላይ የለጠፍሁት ክቡርነትዎን ለማሳፈር አይደለም። ቢሮዎን ደጋግሜ አንኳኩቼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልሁ፣ ከስብሰባው ሲወጡ በመንገድዎ ላይ ያገኙት ይሆናል ብዬ ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነም በተራ በተራ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ሚስቴን ኒቬስን በጋብቻችን መታሰቢያ ቀን ለምሳ ወደ ቤትዎ ይዣት በመጣሁ ጊዜ ስለቀረበልን ምግብ አመሰግናለሁ። ሳህኑ የብስክሌት ጎማ የሚያህል ሲሆን፣ ሥጋ ተሞልተው በጣት ዙሪያ የሚጠቀለሉት ቶርቴሊኒዎች ግን እንደተጣሉ ጎረቤታሞች ተራርቀው ተቀምጠውበት ነበር። አስተናጋጅዎ መረቁን ከሻይ ማንቆርቆሪያ ጠብ እያደረገ፣ ዶሮዋ የት እንዳደገችና ምን ስትበላ እንደኖረች በትዕግሥት ሲተርክልን ፓስታው ቀዘቀዘ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ሆኖብን፣ ዶሮዋን በወሬ ተዋውቀን ወደ ቤታችን ሄደን እንቁላል ጠበስን።

ሁለተኛ፣ ስለ አያት አርጂያ አመሰግናለሁ። በዚህ መንገድ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ ስማቸው በበርዎ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈው አያት የትኛው ቤት ይኖሩ እንደነበር አስተናጋጅዎን ጠየቅሁት። ልጁ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ አርጂያ የሚሏት ሴትዮ እኮ የለችም፤ እንዲያው ለስሙ ነው። ሰው አያት ይወዳል» አለኝ። አስተዋይነትዎን አደነቅሁ። እውነተኛ አያት ትታመማለች፣ ትረሳለች፣ ስትቆጣም ሰው ፊት ነው፤ ያልተወለደች አያት ግን ማንንም አታስቸግርም።

ሦስተኛው ምስጋና ስለ መስኮትዎ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ክቡርነትዎ ቤቱን ከመግዛትዎ በፊት እዚያ ቦታ የፓስታ ሱቅ ነበር። ኒቬስ ከልጅነቷ ጀምሮ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሠራተኛዎ ሉዋና ሊጥ ትዳምጥበት በነበረው በዚያው መስኮት ሥር ቆማ ሊጥ ስትዳምጥ ኖራለች። እኔም ያገባኋት በዚያ መስታወት ውስጥ አይቻት ነው። አሁን የመርሳት በሽታ ይዟታል። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋባት፤ ቀጥሎ የልጃችን ስም፤ በመጨረሻ የእኔ ስም ጠፋባትና ሳህን ሳቀርብላት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደግ ሰው ነዎት» ትለኝ ጀመር። ሃምሳ ዓመት አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት እርስዎ ስትለኝ ቤቱ ይቀዘቅዛል። በምድጃ አይሞቅም።

በዚያ የምሳ ቀን፣ አስተናጋጅዎ ስለ ዶሮዋ ሲያወራ፣ ኒቬስ የወረቀት መሐረቦቹን እየቀደደች በትንሿ ጣቷ ላይ ትጠቀልል ነበር። ወዲያው ተነሥታ ሄደች፤ እጇን ታጠበች፤ ፎጣ በወገቧ አሰረችና ሉዋና አጠገብ ቆመች። ሉዋና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ተከትያት ስደርስ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ኤርሜስ፣ ምን ተገትረህ ታየኛለህ? አውቶቡሱን ለማን ትተህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ።

አለቀስሁ፤ ይህን ስጽፍም አላፍርም።

ቤት ውስጥ ሞክሬዋለሁ፤ «ለምን ቤትዎ አያሠሯትም» እንዳይሉኝ። የሊጥ መዳመጫ ሰሌዳ ገዛሁ፣ ዱቄትና እንቁላል አቀረብሁ፤ ሥጋውንም ራሴ ፈጨሁት። ኒቬስ ዙሪያዋን አየችና፣ «እዚህ ማን ሊገዛን ነው? ደንበኛ የታለ?» ብላ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። እጆቿ የሚያውቁት ያንን መስኮት ብቻ ነው። ይህን የተረዳችው ሉዋና፣ በራሷ ደግነት፣ ጠዋት ጠዋት ምግብ ቤቱ ሳይከፈት በርጩማ ታስቀምጥላት ጀመር። ሁለቱ ቶርቴሊኒ እየጠቀለሉ ሰው ያማሉ፤ እኔ ውጭ በረንዳው ሥር ጋዜጣ ይዤ እቆማለሁ። ኒቬስም በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ ለሉዋና፣ «ባሌ ነው፤ ሥራ ፈት ነው ግን ክፉ አይደለም» ትላታለች። ከዚህ የሚበልጥ ነገር ከሕይወቴ አልጠየቅሁም።

አራተኛ፣ ስለ ትዕዛዝዎ አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ሥራ በዝቶ ሉዋና ሰዓቱን ረሳች፤ ደንበኞች ገብተው ተቀመጡ። ከሆላንድ የመጣ አንድ ጎልማሳ ቶርቴሊኒ በክሬም አዘዘ፤ ሜኑዎ ላይ ስላለ ሰውየው ጥፋት የለበትም። ኒቬስ ግን በእናቷ ቤትም በሱቁም ያደገችው፣ ቶርቴሊኒ ከመረቅ ውጭ አይበላም ተብላ ነው። ሳህኑ ሲያልፍ አየችው። ተነሣች፣ ከሰውየው ፊት አነሣችውና፣ «ልጄ፣ ማን ነው እንዲህ የቀጣህ? እናትህ የለችም?» ብላ ወደ ኩሽና ወሰደችው። ከድስቱ መረቅ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ተመለሰች፤ አይብም በእጇ ነሰነሰችለት፤ ጨርሶ እስኪበላም ከራስጌው ቆመች። ሰውየው ቋንቋዋን ባይሰማም እየሳቀ ሁሉንም በላ፤ ፎቶዋንም አነሣ።

ክቡርነትዎ ግን አልሳቁም። በማግስቱ በርጩማው ተነሣ፤ ሉዋና ወደ ውስጥ ተዛወረች፤ ከመስኮቱ ሥርም የዱቄት ከረጢት የሚመስል የአበባ ማስቀመጫ ተተከለ። ሥራ አስኪያጅዎም በትሕትና፣ «አባባ፣ እኛ እኮ ምግብ ቤት ነን፤ መጦሪያ አይደለንም» ብለው አስረዱኝ። ልክ ናቸው፤ በመጦሪያ ቤት ወንበሩ ይመቻል።

ከዚያ ወዲህ ኒቬስ ጠዋት ሻሽ አስራ «ሥራ ረፈደብኝ» ብላ ትወርዳለች፤ በተቆለፈው በርዎ ፊት ትቆማለች። እኔም «ዛሬ በዓል ነው» እላታለሁ። በማግስቱም በዓል ነው፤ በነጋታውም። በዚች አገር ይህን ያህል በዓል የበዛበት ዓመት ታይቶ አያውቅም። መጀመሪያ ላይ «የማን በዓል ነው?» ትለኝ ነበር፤ አሁን መጠየቁንም ትታዋለች፤ ስሜንም አብራ ትታዋለች።

ስንተኛው ላይ እንደደረስሁ ጠፋኝ፤ ቁጥሩን ይተዉልኝ። የቀረው ምስጋና ስለ ፎቶው ነው። ያ የሆላንድ ሰው ላከልዎ አሉ፤ እርስዎም በትልቁ አሳትመው በመግቢያዎ ላይ ሰቀሉት። ኒቬስ ጎድጓዳውን ሳህን ይዛ ትስቃለች፤ ከሥሩም በወርቅ ቀለም «አያት አርጂያ» ተብሎ ተጽፏል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እርስዎ ግን መዳቡን አስወጥተው ወርቁን ግድግዳ ላይ ስለሰቀሉ ተረቱ እርስዎን አይመለከትም። ያልተወለደችው አያት በመጨረሻ ፊት አገኘች። ፊቱን ያዋሰቻት ሴት ውጭ ቆማለች።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ክስም ካሣም አልፈልግም። ጠዋት፣ አንድም ደንበኛ ሳይገባ፣ ያንን በርጩማ ወደ መስኮቱ ይመልሱልን። ሰዓቱን እኔ እጠብቃለሁ፤ በሩ ሲከፈት እጇን ይዤ እወጣለሁ። ክሬም የሚባል ነገርም በዓይኗ አታይም። ሐኪሙ የቀራት ጊዜ ብዙ እንዳልሆነ ነግሮኛል፤ እኔ ደግሞ ገና ሳትሄድ በስሜ ትጠራኝ ዘንድ እፈልጋለሁ።

ቅጠልዎ ሳይጠወልግ፣ ማንቆርቆሪያዎ ሳይጎድል፣ ስብሰባዎም ሳያልቅ ብዙ ዘመን እንዲኖሩ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከራስዎ በላይ በሁለተኛው ፎቅ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ

ታዛዥ ጎረቤትዎ
ኤርሜስ ቬንቱሪ

ማስታወሻ፦ በርጩማው ባይመለስ እንኳ ፎቶውን እንዳያወርዱት አደራ እላለሁ። ኒቬስ ጠዋት ጠዋት በመስታወቱ ውስጥ እያየች «እንደምን አደሩ፣ እማማ አርጂያ» ብላ ሰላምታ ትሰጠዋለች፤ በመንገዳችን ላይ የቀረቻት ወዳጅ እሷ ብቻ ናት። ትናንት ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ስንመለስ ዞር ብላ አየቻትና፣ «እሷስ ታድላለች፤ ሥራ አላት» አለች። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ «እርስዎስ ጌታዬ፣ ሰው የለዎትም?» ብላ ጠየቀችኝ።