«በየቀኑ» ያልከው ምድጃ

ውድ አባዬ፣

ሙት ዓመትህን ካሰብን አራት ወር አለፈ። እስከ ዛሬ ብዕር አላነሳሁም። ዛሬም ያስነሳኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ተናድጄብህ ከርሜአለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ሳሏ ግን ብሶባታል። ወንድሜ ሰለሞን ካራ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ወጥቷል። እሁድ እሁድ ከኪዳነ ምሕረት ሲመለስ ብቅ ይላል፤ ይበላል፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ያማርራል፣ ይሄዳል። ከጓሮ ሦስት ባሕር ዛፍ ቆርጠን የማድ ቤቱን ግድግዳ አሳድሰናል። በመስኮቱ በኩል ያለውን ያንተን ቦታ እኔ ወርሼዋለሁ፤ ጠረጴዛው በወረቀት ተሞልቷል። ማስተርሴን ጀመርኩ አባዬ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን እማራለሁ፤ በሌላው ቀን እዚያው ትምህርት ቤቴ አስተምራለሁ።

ትምህርቱ ምን እንደሆነ ብነግርህ ትስቅብኛለህ። ሥራችን ሌላ ሰው ያጠናውን ማንበብና መመርመር ነው። እኔ ደግሞ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ነው ብዬ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጬ ስሸመድድ ኖሬ ወረቀትን መጠየቅ ማን አስተማረኝ? የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ቀለም አሰመርኩበት፤ የተረፈው የገጽ ቁጥሩ ብቻ ነበር። መምህሬ ወረቀቴን መልሰው «ጥናቱ ያለውን ደገምሽልኝ፤ አልመረመርሽውም» አሉኝ። ከማጠቃለያው አትጀምሪ፣ መጀመሪያ ዘዴውን አንብቢ፣ ማን ተጠየቀ፣ ማን ጠየቀ፣ እንዴት ተጠየቀ በይ አሉኝ። እልህ ያዘኝ። የማይገባኝን ቃል ደብተር ላይ እያወጣሁ፣ አንዱን ጽሑፍ ሦስት አራት ጊዜ እየደጋገምኩ ሁለት ወር ታገልኩ።

ከዚያ ያ ጽሑፍ እጄ ገባ። ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው። ከእንጦጦ ሥር ባሉ ሰፈሮች ለየቤቱ ምድጃ ታደለ፣ ከወራት በኋላ ሰዎቹ ሲጠየቁ ከሞላ ጎደል ሁሉም በየቀኑ እንጠቀምበታለን አሉ ይላል። የእኛ ዳገት እንደዚህ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሳየው ደስ አለኝ። የመመረቂያ ጥናቴንም በእሱ ላይ ልሠራ ወሰንኩ፤ የታተመውን አምኜ፣ የራሳችን ምድጃ ትዝ ሳይለኝ፣ ምድጃው ለምን እንደተወደደ ላጠና። መምህሬ ተስማሙ፣ ሐሳቤን በፈታኞች ፊት የማቀርብበት ቀን ተቆረጠ። ዘዴውን ለሦስተኛ ጊዜ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። የሰፈሩ አቀማመጥ፣ የምድጃው ዓይነት፣ ጠያቂዎቹ ከየቤቱ አባወራውን ማነጋገራቸው፣ ሁሉም የእኛው ነው። አባዬ፣ ከተጠየቁት አንዱ አንተ ነህ።

ያቺን ቀን በደንብ አስታውሳታለሁ። ቅጽ የያዘች ልጅ ዳገቱን እያለከለከች ወጣች። በርጩማ አወጣህላት፣ ቆሎ አስቀረብክላት፣ የአባቷን አገር ጠየቅካት። ምድጃውን ትጠቀሙበታላችሁ ወይ ስትልህ ዓይንህን ሳታሽ «በየቀኑ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጣችሁ» አልካት። ምድጃው ግን ከጓዳው በር ጀርባ ነበር። ገለባ ተደርጎበት ገብስማዋ ዶሮ እንቁላል ታቅፋበት ነበር። ልጅቷ ስትሄድ እማዬ ሳቀችብህ። አንተ ደግሞ ይህን ሁሉ ዳገት የወጣችን ልጅ አሳፍሬ ልመልሳት ወይ አልክ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አሁን ሳነበው ግን ሳቅ አልመጣልኝም። እማዬ ያንን ምድጃ የተወችው ትልቁ ድስታችን ስለማይቀመጥበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ስለማይነድበት ነው። ይህን የጠየቃት የለም። አንተ በየቀኑ ስላልክ ምድጃው ሳይሻሻል እሷ በሦስት ጉልቻ ጭስ ላይ ቀረች። የእንግዳዋ ድካም ታይቶህ የሚስትህ ሳል እንዴት አልታየህም? የተናደድኩብህ በዚህ ነው።

ለሰለሞን ስነግረው ተይው አለኝ። የሞተ አባት ስም በየአደባባዩ አይነሳም፣ ደግሞም ሁለት ሳምንት ሲቀርሽ ሐሳብ ብትቀይሪ ሴሚስተሩ ይቃጠልብሻል አለኝ። እውነቱን ነው። እማዬ ግን የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዋሸ እንዳትይ። ሰው አክብሮ ነው።»

ይህ አነጋገሯ አልለቅ አለኝ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ቤት ገባሁ። ስለ ምድጃው ስጠይቃቸው ልክ እንዳንተ «በየቀኑ ነው የምጠቀመው ልጄ» አሉኝ፤ ከኋላቸው የጉልቻው ጭስ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ያሳደጉኝ ሴትዮ ናቸው። ወረቀት ይዤ ስለገባሁ ግን እንግዳ ሆኜባቸዋለሁ። ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና፣ ይቅር በለኝ አባዬ፣ ጉድህን አወጣሁት። የዶሮዋን ነገር ነገርኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ተነስተው የእሳቸውን ምድጃ አሳዩኝ፤ ጤና አዳም ተክለውበታል! በዚያ ሳምንት ብዙ ቤት ገባሁ፤ በገባሁበት ሁሉ አስቀድሜ አንተን አጋለጥኩ። ሴቶቹም ምድጃውን ለምን እንደተዉት አንድ በአንድ ነገሩኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የድሮውን ሐሳቤን ትቼ፣ ምድጃው ለምን እንደተተወና መልሱ ለምን «በየቀኑ» እንደሆነ የሚያጠና አዲስ ሐሳብ ይዤ ፈታኞቹ ፊት ቆምኩ። አንደኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ተማሪ ከመሬት ተነስታ የታተመ ጥናት አታጣጥልም፣ መልሶቹ እንደማይታመኑ በምን አወቅሽ አሉኝ። «ከመላሾቹ አንዱ አባቴ ነበር። እኔም እዚያው ነበርኩ» አልኳቸው። መምህሬ ቀጥዪ ሲሉኝ ቀጠልኩ። አባቴ ለእንግዳ ደግ መልስ መስጠት ነው የተማረው፣ ስህተቱ ጥናቱ ያንን አክብሮት እንደ ማስረጃ መቁጠሩ ላይ ነው አልኩ። ይህን ስናገር ንዴቴ ለቀቀኝ።

ሴሚስተሩ ተቃጥሏል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሥራው ግን ከዜሮ ይጀመር ተብያለሁ። ሰለሞን ነግሬሽ ነበር ይላል። ይበል። እኔ ዳገቱን ቤት ለቤት እወጣዋለሁ። ከአባወራው በፊት እሳቱ ዳር ያለችውን አናግራለሁ፣ ከመጠየቄ በፊት አያለሁ፣ እስክጨርስም አላርፍም። የመጀመሪያዋን መላሽ ዛሬ ጠዋት አነጋገርኩ፤ እማዬ ናት። እስኪ ስለ ማድ ቤትሽ አጫውቺኝ ብቻ ነው ያልኳት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራች።

ጓደኞቼ ወላጆቻቸውን በምስጋናው ገጽ ላይ ያሰፍራሉ። አንተን እዚያ አላኖርህም አባዬ፤ ያንን ገጽ ሰው ገልጦት ያልፋል። ቦታህ ዘዴው ውስጥ ነው፣ ማን ተጠየቀ፣ እንዴት ተጠየቀ የሚለው ጋ። እኔም በዚያው አስብሃለሁ። ሰው ደግ መልስ በሰጠኝ ቁጥር አንተን አስታውሼ፣ አመስግኜ፣ ሁለተኛ እጠይቃለሁ።

ልጅህ ሕይወት