የኑሮ አስተማሪው

ጥቅምት 4

ተራ ቀን። ሦስት ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ አስተማርኩ። ለአስረኛ ክፍል ሽቦ ለምን እንደሚግል። ሰሌዳው በቀመር ሞላ፣ ሸሚዜ በጠመኔ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አነሳች። ጠያቂዋ ነው የምላት፣ ለራሴ ብቻ። "ቲቸር፣ ይሄ ነገር ስናድግ ምን ያደርግልናል?"

አሥራ አራት ዓመት የመለስኩትን መለስኩላት። "አእምሮ ይከፍታል።"

"የማንን?" አለ ከጎኗ ያለው። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ቤት ስገባ እማዬ የነገውን ሸሚዜን ተኩሳ ሰቅላዋለች። ካልሲዎቼን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ጠቅልላቸዋለች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ጥቅምት 7

ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ። አዲስ የግዴታ ትምህርት መጥቷል፤ ስሙ "ለኑሮ ዝግጅት"። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ለአስረኛ ክፍል። ምግብ ማብሰል፣ ልብስ መያዝ፣ የቤት ኤሌክትሪክ፣ በሽተኛ ማስታመም... ወላጆች "ልጆቻችን ቀመር ብቻ ሸምድደው ይወጣሉ" እያሉ ጨቅጭቀው ያመጡት ነው። አስተማሪ የለውም።

"ላንተ ሰጥተንሃል" አለኝ። ለምን እኔ? "ክፍለ ጊዜህ ያንሳል። ደግሞም ኑሮህ የተደራጀ ነው። ይኸው፣ ሸሚዝህ ይናገራል!"

ማን እንደሚተኩሰው አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ይሄ ውሸት ይባላል?

ጥቅምት 8

ለእማዬ ነገርኳት። ግድግዳ ይዛ ቁጭ እስክትል ሳቀች። "አንተ? እንቁላል ስትቀቅል ውኃ የረሳኸው?" አንዴ ነው የረሳሁት ልላት ብዬ ተውኩት። የሞከርኩትም አንዴ ነው።

ከሰዓት እህቴ ደወለች። መንታ አርግዛለች፣ ወሯ ገብቷል። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ቤት ከሚያድርበት የማያድርበት ይበዛል። እማዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ነበር የምታወራት። "እኔማ መጥቼ እዚያው ብቀር ደስታዬ ነበር... እሱንስ ለማን ጥዬው?"

እሱ ማለት እኔ ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እኮ እኔ እሷን የምጦር መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 12

እማዬን አውቶቡስ አሳፈርኳት። ለወር ያህል ነው። የስምንት ቀን ምግብ ሠርታ፣ በየክዳኑ ላይ ቁጥር ጽፋ ፍሪጅ ውስጥ ደርድራልኛለች። አንድ ማለት ዛሬ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "ጋዙን ዝጋ!" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ጥቅምት 14

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። መጽሐፍ የለም፣ ሁለት ገጽ ወረቀት ብቻ። ምን ልበላቸው? ጊዜ ለመግደል ወረቀት አስወጣኋቸው። "ቤት ውስጥ በደንብ የምትችሉትን አንድ ነገር ጻፉ።"

ሰብስቤ አነበብኩ። አንዱ፣ "አልጋ የያዘ አያቴን ሳላሳምመው አገላብጠዋለሁ።" አንዷ፣ "እናቴ ስትቆጣ አስቃታለሁ።" ጠያቂዋ፣ "የተበላሸ ካውያ እጠግናለሁ፤ አጎቴ ሱቅ ነው የተማርኩት።" አርባ ሁለት ልጅ፣ አርባ ሁለት ሙያ። አንዱ ብቻ "መተኛት" ብሏል። እሱም እውነቱን ነው።

ጠያቂዋ እጇን አነሳች። "ቲቸር፣ የእርስዎስ?"

ጠመኔ ይዤ ቆምኩ... ከዚያ ሰሌዳው ላይ "እንቁላል መቀቀል" ብዬ ጻፍኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥቅምት 20

የእማዬ ቁጥሮች አለቁ። ሩዝ ልሠራ ተነሳሁ። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ሩዝ ምን ሊያቅተኝ? ወረቀት አወጣሁ። የውኃው ክብደት፣ የድስቱ ክብደት፣ የእሳቱ ኃይል... ውኃው በስንት ደቂቃ እንደሚፈላ አሰላሁ። አሥራ አንድ ወጣ። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ፈላ! ብቻዬን አጨበጨብኩ። ሩዙን ጨመርኩ። ርቦኝ ስለነበር ቶሎ ይድረስ ብዬ እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩትና የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ላርም ሳሎን ገባሁ።

ጉድ ፈላ። ጭሱ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ጎረቤት ደርሷል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሮጣ መጣች። ጋዙን ዘጋች፣ መስኮት ከፈተች፣ ድስቱን አየች፣ እኔን አየች።

"የተማረ ይግደለኝ ሲባል እኮ ለአባባል ነው፤ እርስዎ የምር ሊያደርጉት ነው እንዴ?"

ከዚያ ረጋ ብላ፣ "ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨምሩለት አይፈጥንም እኮ። ውኃው ነው የሚያልቀው" አለችኝ።

ይሄ እኮ የዘጠነኛ ክፍል ምዕራፍ አራት ነው! የፈላ ውኃ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ትርፉ እሳት እንፋሎት አድርጎ ያባርረዋል እንጂ። በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ያኔ ሳርመው የነበረው ፈተና ላይ ራሱ አለ፣ ጥያቄ ስድስት! ስንቱን ልጅ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጌበታለሁ። እኔ ግን የማውቀውን ሁሉ ክፍል ውስጥ ትቼው ነው ለካ ቤቴ የምገባው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ...

እራቴ ዳቦ ሆነ።

ጥቅምት 21

ያረረውን ድስት በፌስታል ይዤ ክፍል ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው። እንቁላሉም ውሸት እንደነበር፣ ሸሚዜንም እናቴ እንደምትተኩሰው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

"ቲቸር፣ ጥያቄ ስድስትን ወድቀዋል ማለት ነው!"

ወድቄያለሁ አልኩ።

ከዚያ ተስማማን። በየሳምንቱ አንድ ተማሪ የሚችለውን ያሳየናል። እኔ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን እናገራለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። "ቃል ነው?" አለች ጠያቂዋ። ቃል ነው።

ስወጣ ቅልል ብሎኛል። መዋረድ እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ? ምነው ቀደም ብዬ በተዋረድኩ።

ጥቅምት 28

ጠያቂዋ ከአጎቷ ሱቅ የተበላሸ ካውያ አመጣች። በካቻቢቴ ሦስት ብሎን ፈትታ ዘረገፈችው። "ይሄ ሽቦ ተበጥሷል" አለች፣ አንዴ ብቻ አይታ። ሽቦው ለምንድነው የሚግለው ብዬ ጠየቅኳት። "መጋሉን ነው እንጂ ለምኑን አላውቅም።"

እኔ ደግሞ ለምኑን አውቃለሁ፤ ካውያ ግን ተከፍቶ አይቼ አላውቅም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ያስተማርኳትን ያንኑ ቀመር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ከሽቦው ጋር አገናኘሁት። አፍጥጣ አየችው። "ይሄ ነበር እንዴ? ያኔ ለምን አላሉንም?"

ያኔ እኔም አላውቅማ! ሁለታችን ተደምረን አንድ የተማረ ሰው ወጣን።

ከሰዓት ሸሚዝ ተኮስኩ። አንዱ እጅጌ ላይ ሁለት መስመር ወጣ። ይሁን።

ኅዳር 3

እህቴ በሰላም ተገላገለች! ሁለት ሴቶች። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አጎት ሆንኩ። እማዬ ስልክ ላይ ስትስቅ ስታለቅስ... ወዲያው ደግሞ፣ "ምን በላህ?"

"ሩዝ።"

"ማን ሠራልህ?"

"እኔ።"

"ልብስ ሰፊዋ ናት አይደል? እውነቱን ንገረኝ።"

እህቴ ስልኩን ተቀበለቻት። ድምፅዋ ደክሟል። "እማዬ እዚህ ትቅርልኝ። ብቻዬን ሁለቱን አልችላቸውም።" እኔ መች ያዝኳት? አልኩ። "አንተ አልያዝካትም። ሸሚዝህ ነው የያዛት።"

ነደደኝ። ስልኩን ዘግቼ ቤቱ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ቀዝቀዝ ስል አሰብኩት። ልጅ ሆኜ ሳህን ላጥብ ስል እማዬ ከእጄ ትቀማኝ ነበር፤ "አንተ ተማር ብቻ።" እሷን ከአራተኛ ክፍል ነው ያስወጧት፣ ታናናሾቿን እንድታሳድግ። ሳህኑ ትምህርቷን ነጠቃት፤ ስለዚህ ከእኔ አራቀችው። በፍቅር ነው ያሰነፈችኝ። ማንን ልቆጣ?

ማታ እማዬ ራሷ ደወለች፤ ኅዳር 20 ትመጣለች። "አይቼህ እወስናለሁ" ብላለች። ስፈትን ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ፈርቼ ተፈትኜ ግን አላውቅም።

ኅዳር 9

ቁልፍ ሰፋሁ። ጥብቅ አድርጌ ነው የሰፋሁት። ሸሚዙን ከጭኔ ላነሳ ስል ሱሪዬ አብሮ መጣ።

ኅዳር 12

የባለ አያቱ ልጅ ተራ። ሁለት ጠረጴዛ ገጥመን አልጋ አደረግን፣ እኔ በሽተኛ ሆኜ ተኛሁ። ልጁ ቀጭን ነው፤ እኔ ቀጭን አይደለሁም። ጉልበቴን አጠፈው፣ አንድ እጁን ጉልበቴ ላይ፣ አንዱን ትከሻዬ ላይ አደረገና እንደ በር አዞረኝ። ምንም አልተሰማኝም። ተኝቼ ሳለሁ ማስረዳት ጀመርኩ። የታጠፈው ጉልበት እንደ ረጅም ዘንግ ነው የሚያገለግለው፣ ዘንጉ ሲረዝም ትንሽ ጉልበት ይበቃል...

ዳይሬክተሩ በሩን ከፈተ። "ምን ሆነ? አምቡላንስ ልጥራ?"

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ ግን ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣም፤ ወንበር ስቦ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ደወል ሲደወል ልጁን ወደ ጎን ወሰድ አድርጎ፣ "ጉልበቷን መጀመሪያ ነው የማጥፈው? እስቲ ድገምልኝ... እናቴ ናት" ሲለው ሰማሁ።

ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ እናቱ መታመሟን አላውቅም ነበር።

ኅዳር 19

ልጆቹ ለነገ አዘጋጁኝ። ጥያቄ በጥያቄ አጣደፉኝ። ጋዝ ቢሸትዎት? መስኮት እከፍታለሁ፣ መብራት አልነካም። ነጭ ሸሚዝ ከቀይ ካልሲ ጋር? በፍጹም! ዘጠና ሁለት ከመቶ ሰጡኝ። ስምንቱን የቀነሱብኝ በሱሪው ምክንያት ነው።

እናቷን የምታስቀው ልጅ ስወጣ ተከተለችኝ። "ቲቸር፣ ሁሉንም አያስተካክሉ። እናት የምታርመው ነገር ካጣች ይከፋታል።"

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ይሄን የትኛው መጽሐፍ ላይ አነበበችው?

ኅዳር 20

እማዬ መጣች። ገና በሩ ላይ "ከስተሃል" አለችኝ። አልከሳሁም። ጣቷን መደርደሪያው ላይ አሳለፈች፣ ንጹሕ ነው። ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ካልሲዎቹን ሆን ብዬ ሳላጣምር ትቻቸው ነበር። አየቻቸው፣ ቁጭ ብላ አጣመረቻቸው፣ ፊቷ በራ። ያቺን ልጅ አንድ ቀን ዳይሬክተር ያድርጓት።

ምሳ አቀረብኩ። ሩዝና ምስር። አንድ ማንኪያ ቀመሰች። "ጨው አንሶታል።" ከዚያ ደግማ ጨመረች። ከዚያ ሠለሰች። ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝም።

ተነስታ ሳህኑን ልታጥብ ስትል ከእጇ ተቀበልኳት። "ቁጭ በይ፣ እኔ አጥባለሁ።"

አልተቀመጠችም። እዚያው ቆመች። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

"ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?" አለች፣ ቀስ ብላ።

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ወር ሙሉ ነፃ ላወጣት ስለፋ... ከሥራ ያባረርኳት ነው የመሰላት። ሳህኑን ጥዬ በሳሙና አረፋ እጄ አቀፍኳት። "እማዬ፣ አንቺን ለሸሚዝ አይደለም እኮ የምፈልግሽ።"

"ለምንድነው ታዲያ?"

"ለምንም አይደለም። እናቴ ስለሆንሽ ነዋ።"

አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ "አረፋህን ቀሚሴ ላይ ጠረግከው አይደል!" ብላ ትከሻዬን መታችኝ። ሳህኑን እኔ አጠብኩ፣ እሷ አደረቀች።

ኅዳር 23

ልትሄድ ነው። አሁን ለመቅረት ነው የምትሄደው። ሻንጣ አብረን አዘጋጀን። እያጣጠፈች፣ እኔን ሳታይ፣ "እህትህ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ከሰዓት ከሰዓት ትልልቅ ሰው ያስተምራል አሉ... ልጆቹ የሚተኙበት ሰዓት ነው" አለች። "አምስተኛ ክፍል ምን ምን ይማራሉ?"

ሂሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስ አልኳት።

"ሳይንስ ግዴታ ነው?"

"ግዴታ ነው።"

"ጥሩ።"

ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ። "እማዬ፣ አሁን ምን ያደርግልሻል?" ተናግሬ ደነገጥኩ። አሥራ አራት ዓመት ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ እኮ ነው!

"ምንም" አለች ሻንጣውን እየዘጋች። "ስለቀረብኝ ነው።"

ታኅሣሥ 11

ከትምህርት ቤት ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ ስልክ ጮኸ። እማዬ ናት። ከኋላዋ አንደኛዋ ሕፃን ታለቅሳለች፣ እህቴ ታባብላለች።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አስተማሪውን አፍሬ ተውኩት።"

"ጠይቂኝ።"

"ልብስ አጥቤ ሳሰጣ፣ በሞቀ ውኃ አጥቤውም ቢሆን፣ ፀሐይ ላይ ቆሜም ቢሆን፣ ነፋስ ሽው ሲል እርጥቡ እጄ ይበርደኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ። ለምንድነው?"

ቢላውን አስቀመጥኩ። ውኃው ከእጅሽ ላይ ወደ አየር ሲሄድ ባዶውን አይሄድም፣ ሙቀትሽን ይዞ ነው የሚሄደው አልኳት። ነፋስ ሲመጣ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፣ ብዙ ይወስድብሻል።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"ሃምሳ ዓመት ሙሉ እየሰረቀኝ!" ብላ ጮኸች። ሳቋ ሕፃኗን ዝም አሰኛት። ልብስ አጥቤ፣ አስጥቼ፣ በርዶኝ፣ አንድ ቀን ምክንያት ይኖረዋል ብዬ አልጠረጠርኩም አለች። እኔም አልኳት፣ ይሄን ለስንት መቶ ልጅ አስተምሬያለሁ፣ የእናቴን እጅ አንድ ቀን አላሰብኩም። የሽንኩርቱ ነው መሰለኝ፣ ዓይኔ አነባ።

"በል እንደገና ንገረኝ" አለች። ጀመርኩ። ውኃው ከእጅሽ ላይ...

"ቆይ፣ ቆይ! ደብተሬን ላምጣ።"

ጠበቅኳት።