ቢጫው የጎመን ዘር

ቡታጅራ፣ መስከረም 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳላሀዲን፤ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ጅማ እንዴት ይዛሃለች? እናትህ አሚኔ ደህና ናት፤ ላሟም ወልዳለች፤ አልሐምዱሊላህ።

የዘንድሮው የጎመን ዘር ቢጫ ሆነብኝ። ያ የማነበው የግብርና መጽሐፍ እንደሚለው አሮጌው ቅጠል ቀድሞ ቢጫ ከሆነ የጎደለው ዩሪያ ነው፤ ለጋው ከቀደመ ብረት ነው። የእኔ ግን ለጋውም አሮጌውም እኩል ቢጫ ነው። የብረት ጨው በውሃ በጥብጬ አንዱን ቅጠል ቀባሁ። ዐሥር ቀን ጠበቅሁ፤ ያው ነው። ዚንክም ሞከርኩ፤ ያው ነው።

የግብርና ሠራተኛው መጥቶ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ እንደ ሐምሌ ሣር የለመለመ ነው» አለኝ። አባረርኩት። ትናንት እናትህን «ምነው ቢጫ ሻሽ አሰርሽ?» ስላት፣ «ነጭ ነው እኮ፣ ሰውዬ» ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ ማሳ ስሄድ ከኋላዬ ትከተለኛለች። ተቆጣኋት፤ አልተመለሰችም።

እኔ በቃሌ ነኝ፤ የታመመው ማሳው ነው። እስከ መጪው ዓርብ ካልመጣህ በበሬ አርሼ እገለብጠዋለሁ፤ የዓመቱ ዘይታችንም አብሮ ይሄዳል። ከመጣህ ግን ቅጠሉን በእጅህ ይዘህ ቀለሙን ንገረኝ። ያልከኝን እቀበላለሁ። እንዲህ ያለ ቃል ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ጎረቤቶቻችን ሰላም ብለውሃል። አላህ ሳይረፍድ ያገናኘን። ነጭ ወረቀት ስጠኝ ብዬው ባለሱቁ ቢጫ ሰጠኝ፤ በዚሁ ጻፍኩልህ።

አባትህ ሸምሶ