ሰማያዊው ይበልጥ ይሞቃል

ሰኞ

አራት አምፖል ወሰደችብኝ፤ ሁሉንም ከአምፖል ሱቄ ማሳያ መደርደሪያ። ልጄ ኢክራም ሐሙስ በትምህርት ቤቷ ኤግዚቢሽን ላይ ስለ ከዋክብት ዕድሜ ታስረዳለች። አምና ሰው ፊት ቆማ ምላሷ ተሳሰረና እያለቀሰች ወረደች። ዘንድሮ ስሟን ያስመዘገበችው ራሷ ናት።

ሰሌዳዋ ላይ በአምፖሎቹ የፀሐይን ዕድሜ ደርድራለች፦ አሁን ቢጫ፣ ስታረጅ ትልቅ ቀይ፣ መጨረሻ ላይ እየደበዘዘች የምትሄድ ትንሽ ነጭ። ከጎን ሰማያዊ አለ፤ ግዙፍ ሆኖ የተወለደ፣ በጣም ደምቆ የሚነድ፣ ዕድሜው አጭር የሆነ ኮከብ። ከሰማያዊው ሥር «በጣም የሞቀ»፣ ከቀዩ ሥር «ቀዝቀዝ ያለ» ብላ በትንንሽ ወረቀት ጽፋለች።

ተሳስታለች አልኩ በሆዴ።

ማክሰኞ

ታይዋን ገበያ፣ ሱቄ። የሱቅ ጎረቤቴን አብዲን ጠየቅኩት፤ ቧንቧ ነው የሚሸጠው። «አቦ ፋጡማ! ቀዩ ሙቅ፣ ሰማያዊው ቀዝቃዛ። ይሄ ምኑ ያጠያይቃል?» አለኝ። እኔም እንደዚያው ነው የማውቀው።

ምሳ ሰዓት ሳቢያን ሰፈር ቤቴ ደርሼ ሁለቱን ወረቀቶች አቀያየርኳቸው። ከሱቅ ባመጣሁት ማጣበቂያ ለጥፌ ሰሌዳውን በሻሽ ሸፈንኩት። አልነገርኳትም። እንዳይስቁባት ብዬ ነው።

ረቡዕ

ሰሌዳው እንደተሸፈነ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄደ።

አንድ ደንበኛ ለጫጩት ማሞቂያ የድሮውን ባለ ሽቦ አምፖል ፈለገ። ስሞክርለት መብራቱ ደከመ። ሽቦው ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ ቀይ ወረደ። «ይሄማ ጫጩቶቼን አያሞቅም» አለ ሰውየው።

እጄ አምፖሉ ላይ ቀረ። ይህን ስንት ዓመት አይቼዋለሁ! ኃይል ሲያንስ ይቀላል፣ ሲበረታ ይነጣል። ልጄ ልክ ነበረች።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሁሉንም ነገርኳት፤ የአምፖሉንም። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። «ሆዮ፣ እናቴ፣ አዳራሹ እኮ ተቆልፏል» ብቻ አለች። ራቷን አልበላችም።

ሐሙስ

ሱቄን ዘግቼ አብሬያት በባጃጅ ሄድኩ። እንግዶች ቀድመውናል። ወረቀቱን ልትልጠው ሞከረች፤ እምቢ አለ። ድንጋይ ይይዛል እያልኩ የምሸጠው ማጣበቂያ ነው። እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ሰዎቹን።

«እዚህ ላይ አን... አንድ ስህተት አለ።»

ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«የለጠፈችው እናቴ ናት። አምፖል ነጋዴ ናት!»

ሳቁ። እሷም ሳቀች። «እናንተስ? የትኛው ይሞቃል ትላላችሁ?» አብዛኛው ሰው «ቀዩ» አለ። ከዚያማ ማን ይያዛት! የጫጩቱን አምፖል ሳይቀር አወራችው። አንድ መምህር «ቀዩ ከቀዘቀዘ ታዲያ ለምን ይደምቃል?» ሲላት፣ «ስላበጠ ነዋ! በየቦታው ደከም ብሎ ቢያበራም ስፋቱ ብዙ ነው» አለችው። አንዴም አልተደናቀፈችም።

ስንመለስ ግን ባጃጅ ውስጥ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ይቅር ብላኝ እንደሆነ አላወቅኩም።

ሲጨልም ደጅ ጠርታኝ ወደ ከዋክብቱ ጠቆመች። «ያቻት ቀይዋ፣ ያቻት ሰማያዊዋ። የትኛዋ ትሞቃለች ሆዮ?»

እስከ ዛሬ ሁሉም ነጭ ይመስሉኝ ነበር። መልሱንም አውቀዋለሁ።

«አንቺ ንገሪኝ» አልኳት።

ጠጋ ብላ አጠገቤ ተቀመጠች።